ከበር ውጭ የሚሰጥ ነጥብ

ከምሳ በኋላ ነበር፤ የጠመኔ ብናኝ በፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፍበት፣ ሰው እንደ ቆመ በሐሳብ ጭልጥ የሚልበት ሰዓት። ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስወጣ ርዕሰ መምህራችንንና የእህታቸውን ልጅ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። እሳቸው ጆሯቸውን ከሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ለጥፈዋል፤ የመምህራንን ምዘና የምታጠናው ይህች የእህታቸው ልጅ ፈገግ ብላ ታያቸዋለች።

«ይሰማሻል? ገበያ እኮ ነው!» አሉ። «ይህች መምህርት አምናም ዝቅተኛ ነጥብ ነበራት፤ ዘንድሮ ከደገማት ትሰናበታለች። ታሳዝነኛለች፣ ግን ምን ላድርግ?»

በትምህርት ቤታችን መምህር የሚመዘነው እንዲህ ነው። ክፍሉ ጸጥ ካለ መምህሩ ጎበዝ ነው፤ ከተንጫጫ ጉዱ ፈላ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የጎረቤቷ ክፍልስ?» አለች ወጣቷ።

«እሱማ መምህር ነው! ኮሽ የሚል ነገር የለም።»

«እስቲ በመስኮት ይዩት።»

አዩ። ግማሹ ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ መምህሩም አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። ክፍሉ በሙሉ አንድ ሕልም የሚያይ ይመስል ነበር። ሳቄን አፈንኩት።

«ምሳ ከብዷቸው ይሆናል» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይሆናል። በአንድ ቀን መፍረድም ልክ አይደለም። ደጋግሞ ገብቶ ማየት፣ የተማሪውን ሥራ መመልከት፣ ከዚያም ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው የሚሻለው።»

«እኔ ስገባ ይደነግጣሉ እኮ!»

«ሲለምዱዎት ይተዉታል።»

እያመነቱ ወደ ሳይንስ ክፍሉ ገቡ፤ እኛም ተከተልን። መምህርቷ ስታያቸው ፊቷ ዐመድ መሰለ። ልጆቹ ግን ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ እርሳስ ለምን የተሰበረ እንደሚመስል እየተከራከሩ ነበርና ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ብርሃኑ በብርጭቆዎቹ አልፎ ግድግዳው ላይ ይዋኛል። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ፣ ጠባቡ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ግንባራቸው ተፈታ፤ ከዚያም እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት፣ ብርጭቆው ባዶ ቢሆንስ?»

«ባዶ ከሆነማ አይሰበርም፣ ጋሼ!» ብለው ልጆቹ ተንጫጩባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ደወሉ ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከወንበሩ አልተነሡም።

«ከእንግዲህ ነጥብ የምንሰጠው ከውስጥ ተቀምጠን ነው» አሉ። «ጎበዙ ጉብዝናው ይታወቅለታል፤ የደከመውም ከመባረሩ በፊት የሚያግዘው ያገኛል፤ ልጆቹም ይማራሉ።» ወደ መምህርቷ ዞሩ። «የእኔ ልጅ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ገብቼ አላየሁሽም። ነጥብ የሚቀነሰው ከእኔ ነው።»

መምህርቷ ጠመኔውን እንደ ጨበጠች አለቀሰች።