ወይዘሮ ኦዲሊያ ማቶስና የሎማ ሴካ የአፕሪኮት ማሳ

የዛሬ ሰማንያ ሦስት ዓመት ከወተት ላም አርቢው ከአቶ ጆአኪም ሲልቬራና ከወይዘሮ ኢልዳ እዚሁ ሎማ ሴካ ከተማ የተወለዱት ወይዘሮ ኦዲሊያ፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርታቸውን አቋርጠው በከተማው ማሳ አፕሪኮት የሚባለውን ፍሬ ለሁለት እየሰነጠቁ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡትን ሴቶች ተቀላቀሉ፤ ኋላም የጭነት መኪና ነጂውን አቶ ሌስተር ማቶስን አግብተው ጆሊንንና ረኔን ወለዱ። አቶ ሌስተር ከአሥር ዓመት በፊት ቀድመዋቸው አርፈዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሕዝቡ ለሽርሽር ወጥቶ ከተማው ባዶ በሆነበት ሳምንት፣ የከተማው ምክር ቤት ያንን የአፕሪኮት ማሳ ለስድስት መቶ ቤት መሥሪያ ፈቀደ። ነዋሪው በቂ ፊርማ ካሰባሰበ ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል የሚል ሕግ አለና፣ ወይዘሮ ኦዲሊያ ክረምቱን በሙሉ ግሮሰሪው ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ዘጠኝ መቶ ፊርማ አስፈረሙ።

በከተማችን ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ አድራሻ ጻፍ የተባለ ሁሉ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ነው የሚጽፈው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ አቶ ዱዌን ፕሩይት ይህን ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን የቤት ቁጥር የለበትም ብለው አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ፊርማ ጣሉት። «ሰው የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው እንጂ ሣጥን ውስጥ አይደለም፣ ኦዲሊያ» ብለውም አሾፉ። እሳቸውም «የገናውን ካርድ የላክህልኝ በየት በኩል ነበር፣ ዱዌን?» ብለዋቸው ወጡ።

የወይዘሮ ኦዲሊያ ሳንባ ደክሞ ነበር። የሚተነፍሱበትን የኦክስጅን ሲሊንደር በባለ ጎማ ጋሪ እየጎተቱ፣ ውሻ እየጮኸባቸው፣ በየቤቱ ዞረው በአሥራ ዘጠኝ ቀን እንደገና አስፈረሙ። ጆሊን «እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ጋደም በይ» ስትላቸው «ጋደም ባልን ጊዜ እኮ ነው የሸጡን» ይሉ ነበር።

ያ ሁሉ የወራት ደጅ ጥናት ካለፈ በኋላ ፊርማው ተቀባይነት አግኝቶ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ለፊታችን ማክሰኞ ተቆረጠ። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ከደረሳቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሙሉትና ላኩት ብንላቸው፣ ድምፅ ወደሚሰጥበት እሳት አደጋ ጣቢያ ሄጄ ዱዌን እያየኝ ነው የምሰጠው ብለው አስቀመጡት። ባለፈው ዓርብ ሳይሞሉት አረፉ። ማንም ሊሞላላቸው አይችልም።

ምክር ቤቱ ይህን የሚያህል አበባ ልኳል፤ አበባው የመጣው በአንድ ቀን ነው፣ የሰው ፊርማ ግን ተቀባይነት እስኪያገኝ አሥራ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ወይዘሮ ኦዲሊያ ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ዕጣው ያልታወቀ አርባ ስድስት ሄክታር ማሳ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ማክሰኞ ጣቢያው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ አንድ ድምፅ ጎድሎናል።