ፈርሶ የቀረው የፊታውራሪው ቤት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ላለው ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ።

«እዚያ ቆላ ያለው፣ የፊታውራሪው አሮጌ ቤት ገባሁ።»

«ሙት ይጣራበታል የሚባለው? አልፈሩም፣ እማማ?»

«ወንድ ልጄ ከሞተ ወዲህ ምን እፈራለሁ? ሙት ይጣራበታል ሲሉኝ እኮ ነው የሄድሁ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ጣራው ወድቋል። አዳራሹ መሀል ቆሜ ልጄን በስሙ ጠራሁት።»

«ከዚያስ?»

«ርግቦች ተነሡ።»

«ሌላ ድምፅ አልሰሙም?»

«ምንም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅሁት።»

«እንኳን አልሰሙ! ሲጣራ “አቤት” ያለ ሰው አይከርምም ይላሉ።»

«እሱ በጠራኝና “አቤት” ባልሁት።»

ማንኩሳ ስንደርስ፣ መውረጃዬ ቢሆንም፣ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።