ነጭ ነጠላ የታሰረበት ባጃጅ

ሰሞኑን እዚህ ሸዋሮቢት ቀበሌያችን ስብሰባ ጠርቶን ነበር። ልጄን አዝዬ ከጎረቤቴ ከዘይነባ ጎን ተቀመጥኩ። ባሏ ፖሊስ ነበር፤ በሥራ ላይ ነው የተገደለው። ሰብሳቢው፣ ፖሊስ ወይም የአምቡላንስ ሠራተኛ የገደለ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድ ሕግ እየተረቀቀ መሆኑን ሲነግሩን ቤቱ አጨበጨበ። እኔን ግን ቅናት አንገበገበኝ። የኔ ባል የባጃጅ ሹፌር ነበር። እሱም የዘይነባ ባል በሞተበት ቀን ነው የተገደለው፤ ቁስለኛ መያዙ እንዲታወቅለት ነጭ ነጠላዬን ባጃጁ ፊት ላይ አስሮ ሲበር።

ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እጄን አወጣሁ። "ቁስለኛ ጭኖ የተገደለ ባለባጃጅስ?"

"እህቴ፣ ባጃጅ እኮ አምቡላንስ አይደለም" አሉኝ ሰብሳቢው።

ዘይነባ ብድግ አለች። "ወላሂ ጋሼ፣ አምቡላንሱማ መች መጣ! የኔን ባል ቆስሎ ከወደቀበት ያነሳው የሷ ባል ደምሴ ነው። መንገድ ላይ ተኩሰው ሁለቱንም እዚያው ባጃጅ ውስጥ አስቀሯቸው። ይሄም ይጻፍልን!"

ሰብሳቢው ጻፉ። ዘይነባ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ፤ አልነጠቅኳትም። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት መጥራት ያቃተኝን የባሌን ስም፣ ቀድማኝ የጠራችው እሷ ናት።