ሽማግሌዎቹ ከውስጧ መውጣት ያቃታቸው ባለ ሁለት በር መኪና

ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንትና አንድ ወጣት እንዲህ ይነጋገሩ ነበር።

«ሽማግሌ ቆሞ ነው ልጅ የሚጠይቀው። እኛ ግን ከመኪናህ የኋላ ወንበር መውጣት አቅቶን፣ እዚያው ተቀምጠን ጠየቅን!»

«የፊቱ ወንበር አልታጠፍ ብሎ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«የልጅቷ አባት ‹ንቃችሁኛል› ብሎ መለሰን። ሽጣት ይህችን ባለ ሁለት በር!»

«አልሸጥም። ዛሬ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ሁሉም ዓይነቷን ለመለዋወጫ እየፈታታ ይጨርሰዋል። ያኔ የተረፈችው ብርቅ ትሆናለች።»

«እኔንም ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። መቼ ነው ብርቅ የምሆነው?»

«የእርስዎ ዓይነት ገና ብዙ አለ፣ ጋሼ።»

«አንተ ባለጌ! ዛሬ ደግመን ልንለምንልህ በሚኒባስ እየሄድን ነው። ‹ሸጧታል› ብለን እንንገረው?»

«እንዳይሉ! አባቷ ራሳቸው ትናንት ደወሉልኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ልጄን እሰጥሃለሁ፤ መኪናዋን ግን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ፣ እኔ እፈልጋታለሁ› አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«‹ሽማግሌ ይላኩ› አልኳቸው።»

መኪና እስክገዛ ብዬ ሽማግሌ መላኩን ያቆየሁት እኔ፣ እስከ ሞጆ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።