የሉካንዳው ቀይ አምፖል

አማትየዋ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ደረጃውን ሲወጡ፣ ከላይ የምትወርደውን ጎረቤታቸውን ሊገፈትሯት ምንም አልቀራቸውም። ጎረቤታቸው ወጣት ብትሆንም በቄራ የስጋ መርማሪ ናት።

«ምነው እማማ፣ በደህና ነው?»

«ምኑን ደህና ሆነ። ምራቴ ኦፕራሲዮን ሆና ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሦስት ቀኗ ነው። መረቅ ልሠራላት ብል፣ ልጄ ትናንት የገዛው ስጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠይሞ ቡናማ ሆኖ ቆየኝ። ለግቢው ውሻ ጣልኩለትና ይኸው ደም የመሰለውን ገዝቼ መጣሁ።»

«የጣሉት ስጋ ይሸት ነበር?»

«አይሸትም።»

«ሲነኩትስ ያዝ ያዝ ያደርግ ነበር?»

«ኧረ አያደርግም። ግን ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ለስጋ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ስጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር መልኩ ይጠይማል። ካልሸተተና ካላሟለጨ፣ በመልኩ ብቻ አይጣልም። ለውሻው የሰጡት ደህናውን ስጋ ነው።»

የአማትየዋ ደም ፈላ። ሰው ጥፋቱን ሲነግሩት፣ ከጥፋቱ ይልቅ የሚያናድደው ተናጋሪው ነው።

«ሠላሳ ዓመት የአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ጥርሴን በነቀልኩበት ሙያ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«እኔ አላስተምርዎትም። ስጋውን ወደዚህ መስኮት ያምጡትና እሱ ይንገርዎት።»

በንዴት ከፌስታሉ አወጡት። ደም የመሰለው ስጋ በፀሐይ ብርሃን አመድማ ሆኖ፣ ስቡ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ጥሎበታል። ሲነኩት ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ሲያሸቱት ፊታቸውን አዞሩ።

«እዚያ ሉካንዳ ቤት ቀይ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ከስጋው በላይ ቀይ አምፖል አልተሰቀለም?»

ተሰቅሏል። ለጌጥ መስሏቸው ነበር። ቢሆንም ወዲያው እጅ አልሰጡም።

«በሎሚ አሽቼ አጥቤ ደህና አድርጌ ባፈላውስ?»

«ሎሚ ሽታውን ነው የሚያጠፋው፤ የሚያስጠነቅቅዎን ነገር ይወስድብዎታል። ከተበላሸ ስጋ ላይ ደግሞ ሁሉም መርዝ በማፍላት አይጠፋም። እማማ፣ ስፌቷ ሳይደርቅ ትውከትና ተቅማጥ ቢይዛትስ?» አለች መርማሪዋ። አሁን እሷም ተቆጥታለች።

አማትየዋ ስጋውን ወደ ፌስታሉ መለሱት። «በገዛ እጄ ልገድላት ነበር» አሉና ደረጃውን ተመልሰው ወረዱ።

ሉካንዳው በገዢ ተሞልቷል።

«አምፖሉን አጥፋው» አሉት ባለ ሉካንዳውን።

«እማማ፣ በጨለማ ስጋ ይሸጣል?»

«ደጅ ሙሉ ፀሐይ አለልህ።» እጃቸውን ሰደው ራሳቸው አጠፉት። የተሰቀለው ስጋ ሁሉ በአንዴ ገረጣ። ገዢዎቹ ተያዩ፤ አንዷ የተመዘነላትን መልሳ አስቀመጠች።

አማትየዋ ወደ ሌላ ሉካንዳ ሄዱ። መቼ እንደታረደና የት እንደቆየ ጠየቁ፤ ብርሃን ላይ አዩት፣ ነኩት፣ አሸቱት። ይህ ሁሉ ጥያቄ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው። ደህናው ስጋ ለውሻ አይጣልም፣ የተበላሸው ለበሽተኛ አይቀርብም፣ አታላይም በአምፖል አይከብርም።

ምራታቸው መረቁን ጠጥታ ድገሙኝ አለች። «ባሌ የገዛው ስጋ ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ። የእሱን ውሻው በልቶታል፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ውሻው ዛሬም ሲያያቸው ጭራውን እየቆላ ይከተላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ከአጥንት በቀር ያገኘው ነገር የለም።