ክንድ በክንድ ሳትለሰን የቀረችው

የተከበሩ ረቢያችን፣ የሟች ልጅ ወይዘሮ ዩዲት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እናንተም ከኋላ የአበባ ጉንጉን ታቅፋችሁ የቆማችሁ የእድሳት ድርጅቱ ክቡራን፤ እንደምን አረፈዳችሁ። አበባውን እዚያው ያዙት። እኛ አይሁዶች መቃብር ላይ የምናኖረው ድንጋይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈራችን ስትወጡ ስትገቡ ይህን እንኳ አልጠየቃችሁም።

እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው ሊፖት ሮትማን ነው። ለሳኝ ነበር። ስልሳ ዓመት የቡዳፔስትን ግድግዳ ለስኗል። እኔ ዴዦ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ስልሳ ዓመት እሱ የለሰነውን ሽቦ ላሳልፍ ስቦረቡር ሰድቦኛል። ጓደኝነታችን ይኸው ነበር።

ወንድሞቼ፣ ዛሬ ጠዋት «ዴዦ፣ ለስለስ አድርገህ ተናገር፤ ቀብር ላይ አትቆጣ» ብላችሁኛል። የት ልቆጣ ታዲያ? ሰርግ ላይ?

የእኛ ሰዎች ያውቁታል፤ ለክቡራኑ ግን ልንገራቸው። አይሁዳዊ ቤቱን ሲያስለስን፣ ከበሩ ትይዩ ክንድ በክንድ የምትሆን ቦታ ሳትለሰን ትቀራለች። ኢየሩሳሌም ላይ ቤተ መቅደሳችን ፈርሷልና የማናችንም ቤት ሙሉ አይሆንም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሊፖት በሃያ ዓመቱ የግቢያችንን የጸሎት ቤት ለሰነ። ከጦርነቱ የተረፍነው የግቢው አይሁዶች የአንድ እጅ ጣት አንሞላም ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ሁሉ የመንግሥት ነው። አለቃው መጣ።

«ጓድ ሮትማን! ያቺን ለምን ተውካት?»

«ጨርሻለሁ፣ ጓድ አለቃ።»

«ጡቡ ይታያል እኮ! ዓይን የለህም?»

«ለክቼ ነው የተውኳት። ካላመኑኝ ይለኩ።»

ያ ደረቅ ሰውዬ እውነትም ሜትሩን አውጥቶ ለካ! ሊፖት ይህን ባወራ ቁጥር እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። «አንድ ሚሊሜትር አልጎደለችም!» ይለን ነበር። አለቃው ሰነፍ ሠራተኛ ብሎ ጻፈበት። ቦታዋን ግን ማን ነካት? አለቃው አልነካትም። ከእሱ በኋላ የመጡትም አልነኳትም። ጠላቶቻችን እንኳ አልነኳትም።

እናንተ ነካችኋት።

ባለፈው ዓመት የጸሎት ቤቱ እድሳት አለቀ ተባለና ሄድን። ሊፖት ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ምርኩዙን ተደግፎ ገባ። ጣሪያውን አላየም። መብራቱን አላየም። ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ አየ። ነጭ፣ ልስልስ ያለ። ያቺ ቦታ የለችም። የድርጅቱ መሐንዲስ ፈገግ አለ።

«አባት፣ ያቺን ብልሽት እኮ ደፈንናት! እንደ አዲስ አልሆነም?»

«እንደ አዲስ?» አለው ሊፖት። «ወንበሮቹ ላይ ይቀመጡ የነበሩትንስ መቼ ነው የምታድሷቸው?»

መሐንዲሱ ሳቀ። ይኸው እዚያ ጋ ቆሟል። ልጄ፣ ቀልድ አልነበረም።

በሩ ላይ ደግሞ የነሐስ ሰሌዳ ሰቅላችኋል። «አይሁድ ጎረቤቶቻችንን አንረሳም» ይላል። የእኛን ማስታወሻ ደፍናችሁ የራሳችሁን ሰቀላችሁ! አታፍሩም?

ቆይ ግን። ሁሉንም በእነሱ ላይ አላላክክም። የርክክቡ ወረቀት «ሥራው ያለ ጉድለት ተጠናቋል» ይላል። ከሥሩ የማኅበራችን ተወካይ ፊርማ አለ። የማን ፊርማ ነው? የእኔ ነው! ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት ድርጅቱ ምሳ ጋበዘኝ። የተጠበሰ የዝይ ጭን ፊቴ ተቀምጦ፣ ግድግዳውን ሳላይ ፈረምኩ።

ሊፖት ሲሰማ ምን አለኝ? «ዴዦ፣ ዝይው በደንብ በስሎ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረኝም። አንድ ዓመት! ሰንበት በመጣ ቁጥር አጠገቤ ይቀመጣል። የጸሎቱ ገጽ ሲጠፋኝ በጣቱ ያሳየኛል። ቃል ግን አይተነፍስም።

ዘንድሮ በጸደይ መሮና መዶሻውን ይዞ ብቻውን ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደ። ዩዲት፣ የጥበቃው ሰው እጁን ይዞ ሲያወጣው ደርሰሻል። «ግድግዳ ለምን ያበላሻሉ?» ሲለው አባትሽ ምን አለ? «እየጠገንኩት ነው» አላለም? ልስኑን ፈልፍሎ ሦስት ጣት የምታህል ጡብ ገልጦ ነበር። በሳምንቱ መልሰው ለሰኗት። እሱም ከዚያ በኋላ ከሰንበት ጸሎት በቀር ከቤት አልወጣም። ባለፈው ሰኞ ሞተ።

ሊፖት፣ አሁን ከአንተ ጋር ነኝ።

በልማዳችን አፈር ከመልበስህ በፊት ሁላችንም ይቅርታ ልንጠይቅህ ይገባል። እነሱ ይጠይቁህ። እኔ አልጠይቅህም። በምን አፌ? ዛሬ ጠዋት ዩዲት መሮህን ሰጥታኛለች። ይኸው፣ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ክቡራን፣ አትደንግጡ፣ ለእናንተ አይደለም። ከዚህ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ እሄዳለሁ። ጥበቃም ጥሩ፣ ፖሊስም ጥሩ። ፊርማዬን ከወረቀቱ ላይ መፋቅ አልችልም፤ ከግድግዳው ላይ ግን እችላለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ይምጣ።

ስልሳ ዓመት ልስንህን ስቦረቡር ሰድበኸኛል። ይህችኛዋ ያንተ ልስን አይደለችም። በደንብ ለክቼ ነው የማፈርሳት፤ ክንድ በክንድ፣ አንድ ሚሊሜትር አይጎድልም። ከዚያ አቧራዬን ሳላራግፍ እዚህ ተመልሼ እመጣና ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

እስክመለስ ተኮራርፈናል። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።