ማዕበሉ ገና አላለፈም ያሉት እናታችን

ዛሬ በአንድነት የምንሸኛቸው እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን መርፌዎች በማግኔት እየለቀሙ ይሰውሩ ስለነበር፣ አባታቸው ሱሪ መስፋቱን ትተው መርፌ ፍለጋ ይውሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሳሉ።

ትምህርታቸውን በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቀው፣ ምድርን የከበባት መግነጢሳዊ መስክ በፀሐይ ሲታወክ በውስጡ ተይዘው የሚዞሩት ኤሌክትሮኖች ምን እንደሚሆኑ በሚያጠና ጣቢያ ተቀጠሩ። ብረት መለኪያውን ስለሚያሳስት ወደ መለኪያው ክፍል ቁልፍም ሆነ የቀበቶ ዘለበት ይዞ መግባት ክልክል ነበር። አንድ ቀን ግን በር ሊጠግኑ የመጡ አናጢ መዶሻና ምስማራቸውን እንደያዙ ዘው ሲሉ፣ የመለኪያው መስመር ሲዘል ያዩት እናታችን ከፀሐይ ከባድ የመግነጢስ ማዕበል መጣ ብለው አገር ምድሩን በስልክ አነቃነቁት። ነገሩ ሲታወቅ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ማዕበል» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እርሳቸው ግን አናጢውን ሊቆጧቸው ሄደው ታጭተው ተመለሱ። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛ ማዕበል ተነሥቶ፣ ጣቢያው ዓመታት የደከመባት ሳተላይት መሣሪያዎቿ በኤሌክትሮኖቹ እንዳይበላሹ ለጥንቃቄ እንዲጠፉ ተደረገ። ወዲያው የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር አሽቆልቁሎ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አለቃቸው አደጋው አልፏልና መሣሪያዎቹ ይከፈቱ ብለው አዘዙ። እናታችን ግን መስኩ ሲረበሽ ከፊሎቹ ኤሌክትሮኖች ወደ ጠፈር አምልጠው ከፊሎቹም ወደ ምድር አየር ረግፈው ነው እንጂ ማዕበሉ ገና አላለፈም፣ መስኩ ሲያገግም ጉልበት ገዝተውና በዝተው ይመጣሉ ብለው ተሟገቱ። በመዶሻ የተታለለች ሴት ስለ ማዕበል ልታስተምረን ነው ብለው የሳቁባቸውም ነበሩ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ግን ከተሳሳቱ ሥራቸውን እንደሚለቁ ተናግረው ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። አለቃቸው እያጉረመረሙ እሺ አሉ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ኤሌክትሮኖቹ ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ሆነው መጡ፤ ቸኩለው የተከፈቱ ሌሎች ሳተላይቶች ሲበላሹ ይህችኛዋ በደኅና ተረፈች። አለቃቸውም በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ከዚያ ወዲያ መስኩ በታወከ ቁጥር መጀመሪያ የሚያማክሩት እርሳቸውን ሆነ።

እናታችን በልብ ሕመም ተይዘው ሆስፒታል በቆዩበት ጊዜ፣ ነርሶቹን ስለ ኤሌክትሮን እያስተማሩና እያሳቁ የእኛን ጭንቀት ሲያቀሉልን ሰንብተው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። በጣም እንወዳቸው ነበር፤ በጣምም ይናፍቁናል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ያቺ ሳተላይትም እንደ እናታችን ጡረታ ብትወጣም መዞሯን አልተወችም፤ ዛሬ ጠዋት በላያችን አልፋለችና ለቅሶ ልትደርስ መጣች ብለን እንቀበላት። ሙግታቸውን ሁሉ በሳቅ ይፈጽሙ የነበሩትን እናታችንን ፈጣሪ ማዕበል በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።